የአበባው ጥፋት

«አበባው ነው የገደለው» አለ ዘሥላሴ፣ የሞተውን ውሻ ቀረብ ብሎ እንኳ ሳያየው።

ማክሰኞ ነበር፤ የሁዳዴ ስድስተኛ ሳምንት። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ሰዓት ከብርድ ልብሱ የሚወጣ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው፣ ወይ የፋብሪካ አውቶቡስ ጠባቂ። አልታየች ግን ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ጋቢዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ውሻው ያስመለሰውን በውሃና በአሮጌ ጨርቅ ታጥብ ነበር። ያስመለሰው ብዙ ነው። ጨርቁ ላይ የቀረውን ሁሉ ሳታስተውል እየጨመቀች ወደ ፍሳሹ ገፋችው፤ ዓይኗ ያለው ውሻው ላይ ነው። ውሻው፣ መቻል፣ አበባው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አራት እግሩ እንደ ዱላ ደርቋል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ የታሰረበት ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ተወጥሯል። ጥርሱ መሐል የታኘከ ቅጠልና ቀይ የአበባ ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቷል። ልጇ ከበሩ ላይ ቆሞ በጣቱ የሚያሳያት ይኸን ቀይ ነገር ነው።

«አበባ ውሻ ይገድላል?» አለች አልታየች።

«ይገድላላ። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። መርዝ ያለው አበባ ስንት አለ። ነገ ደግሞ ሕፃን እየዳኸ ሄዶ ቢጎርሰውስ?»

ሚስቱ ሮዳስ ከኋላው ቆማ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ሰባት ወሯ ነው። ሕፃን ሲባል አበባውን ያየችበት ዓይን ፍርዱን የጨረሰ ነበር።

አበባውን ሴት አኩሪ ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ኮባ የሰፋ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ አበባው ቀይ። ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ከደብረ ሲና ያመጣችው የአልታየች ልጅ ሔራን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት። የሞቃት አገር ነገር የእኛን ብርድ አይችለውም ሲሏት፣ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ አለች፤ አለበሰችውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ የቧንቧውን ውሃ ሲያረጋው፣ አባቷ ትተውት የሞቱትን የሱፍ ብርድ ልብስ በአራት እንጨት ወጥራ ሲመሽ ታለብሰዋለች፣ ሲነጋ ትገልጥለታለች። የሰፈሩ ሰው ሳቀባት። ሔራንን የኩላሊት በሽታ ከነጠቃት ሁለት ዓመት አለፈ፤ ብርድ ልብሱን የምታለብሰው አሁን እናቷ ናት፤ ሰፈሩም መሳቁን ትቷል። ውሻውንም ቢሆን ከቡችላነቱ ያሳደገችው ሔራን ናት። በአገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና፣ «መቻል» ብላ ስም ያወጣችለት አጥር ስትገፋ ለነበረች ጎረቤት እንዲደርሳት ነው። ጎረቤቲቱ መልእክቱ ገብቷት አጥሩን ወደ ቦታው መለሰች ይባላል፤ እርግጥ ይኸን ያለችው ራሷ ሔራን ስለሆነች፣ ግማሹ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም።

ዘሥላሴ ክፉ ልጅ አይደለም። እህቱ ስትታመም ሆስፒታል ያመላለሳት፣ ስትሞትም መቃብሯ ላይ እንደ ሴት ያለቀሰው እሱ ነው። ግን ኑሮ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ የውጭ አገር ሰዎቹ የሚመገቡበት አዳራሽ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል፤ ደመወዙ ወር አይደርስም፤ ልጅ ደግሞ ሊወለድ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ቢሠራ የፋብሪካ ሴቶች ለአንዱ ክፍል ሦስት ሺህ ብር እየከፈሉ እንደሚሻሙበት ደላላው ምሎ ነግሮታል። ግቢው ጠባብ ነው፤ ክፍል የሚወጣው አበባው ባለበት በኩል ብቻ ነው። ነገሩን በመስቀል አነሳው፣ በገና አነሳው፣ በጥምቀት አነሳው። አልታየች ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ ከሞትኩ በኋላ።» እሱም ይተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ለሦስትና ለአራት ቀን ከሰሃን ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። መቻል ደግሞ ከአሥር ቀን በፊት ቦታውን ሊለካ የመጣውን ደላላ ሱሪ ቀደደው። ደላላው፣ ይኼ ውሻ እያለ እዚህ ቤት የሚከራይ ሰው አላመጣም ብሎ ሄደ። ዘሥላሴ በዚያው ቀን ሰንሰለት ገዝቶ ውሻውን ከአጥሩ ጋር አሰረው፤ ከዚያ ወዲህ መቻል ከግቢው በር ወጥቶ አያውቅም።

«አዋቂ ይጠየቅ» አለች አልታየች፣ ጨርቁን ጨምቃ እየተነሳች። «አበባው ነው ካሉ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ። አይደለም ካሉ ግን እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም።»

«ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«የተማረ አይጠፋም። ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣልሃለሁ።»

ማኅተም ያለችው አውቃ ነው። ዘሥላሴ ዕቃ ግምጃ ቤት መሥራት ከጀመረ ወዲህ ማኅተም የሌለበትን ነገር አያምንም፤ የገዛ እናቱን ቃል ጭምር። ትንሽ አሰበና «እሺ እማዬ፣ ጠይቂ» አለ። ቀጥሎም «እዬዬም ሲደላ ነው» የሚል ነገር አጉተመተመ፤ እሷም እንዳልሰማች ሆነች። ዛሬ ሥራ አልገባም፣ ፈቃድ ወስጃለሁ አለ። እሷ ነጠላዋን ለብሳ እስክትወጣ ድረስ ጋሪ ጠርቶ፣ ውሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ፣ ወስደህ ከበሬሳ ወንዝ ዳር ቅበረው ብሎ ለባለጋሪው ከፍሎ ጨርሷል። አልታየች መቻልን ደህና ሁን ለማለት እንኳ አልደረሰችም። አንድ አበባና ሁለት ቅጠል ቆርጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በፌስታል ይዛ ወጣች።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ ሰባራ ነው፤ ከዳር የተቀመጠው ሰው ሲነሳ ከወዲህ ያለው ይወድቃል። አልታየች እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ባለሙያዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ጥበቃው ፌስታሉን ከፍቶ አየና «ሠርግ አለ እንዴ እማማ?» አላት። ውሻ ገደለ ተብሎ ነው አለችው። ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ፊቷን ሲያይ ተወው። በመጨረሻ አቶ ወልደአረጋይ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ባለሙያ ከስብሰባው ወጥተው ወደ ቢሯቸው አስገቧት። ቅጠሉን መስኮቱ ዘንድ ወስደው ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

«እኔ እንግዲህ የስንዴ ባለሙያ ነኝ» አሉ። «ስንዴ ሆኖ ዋግ መትቶት ቢሆን በደቂቃ እነግርሽ ነበር።»

ሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለች ልጅ፣ ጎረቤላ ላይ የአክስቷ ውሻ ቅጠል በልቶ መሞቱን ተናገረች፤ ምን ቅጠል እንደነበረ ግን አታውቅም። አንዱ ነጭ አበባ ነው የሚገድለው፣ ቀይ አይገድልም አለ። ሌላው ቀይ ነው ብሎ ተከራከረው። ለአንድ አበባ አራት ዳኛ ተሰየመ፤ አንዱም አያውቅም፣ ሁሉም ይናገራል። አልታየች ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ታያለች። ለእነሱ የሻይ ሰዓት ወሬ ነው። ለእሷ ግን ሔራን በእጇ ነክታው ካለፈችው ነገር ሁሉ በሕይወት የቀረው ይኸ ብቻ ነው። ልብሷ ለነዳያን ተሰጥቷል፤ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ አለ፣ ፎቶ ግን ውሃ አጠጡኝ አይልም። አቶ ወልደአረጋይ ምኗን አይተው እንደሆነ እንጃ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእንስሳት ሐኪሙ አሳዪው እህቴ። ከብት ገበያው አጠገብ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው» አሏት።

ባጃጁ ሃያ ብር አላት። ባለፈው ሳምንት አሥራ አምስት ነበር፤ ምን ተገኘ ብትለው፣ ቤንዚን አለ። በእግሯ ሄደች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አትቀምስም፤ ነፋሱም አቧራውን አፏ ድረስ ያመጣዋል። መንገዱ ላይ ያሉት ሥጋ ቤቶች በራቸው ተዘግቶ መስታወታቸው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ደጃቸው ላይ የሚተኙት ውሾች እንኳ ተስፋ ቆርጠው ሰፈር ቀይረዋል። እየሄደች የምትለውን ታሰላስላለች፤ ሐኪሙ አበባው ነው ቢላትስ? ቃሏን ሰጥታለች። በገዛ እጇ መንቀል አለባት። ሁለተኛ ቀብር ይሆንባታል፤ የመጀመሪያውን እንኳ እንዴት እንደቻለችው አታውቅም።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ በጎቻቸውን በገመድ የያዙ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ካርድ የሚያወጣው ሰው «የእንስሳው ዓይነት?» ብሎ ጠየቃት። ውሻ አለችው። «የታለ?» አላት። ሞቷል ስትለው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከመስኮቱ አጮልቆ ፊቷን አየ። ለሞተ ካርድ አናወጣም ሊላት ሲል፣ ከፊቷ ያለ ሽማግሌ ገበሬ «ትቅደም፣ ግድ የለም። የእኔ በግ ገና አልሞተም» ብሎ ተራውን ለቀቀላት።

ዶክተር ቃለ አብ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ነጭ ካፖርቱ በበግ ፀጉር ተሸፍኗል። ጋዜጣውን ስትፈታው ገና ፊቱ በራ።

«ይኼማ ሴት አኩሪ ነው። እናቴ ቤት በረንዳው ሥር አለ» አለ። «ውሻ አይጎዳም እናቴ። ፍየልም ይበላዋል። እንዲያውም ሥሩን ቀቅለው የሚበሉ ሰዎች አሉ።»

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።» ስልኩን አውጥቶም አሳያት። ፎቶው ላይ ያለው የእሷው አበባ ነው፤ ሥሩ ተኝቶ የሚጫወት ውሻ እንኳ አብሮ ይታያል።

አልታየች ቅጠሉን አንስታ በመዳፏ ዳበሰችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ያላትን ቀን አታስታውስም፤ ውሻዋ በሞተበት ቀን ደስ ስላላትም አፈረች። እንባዋ መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እንግዲያው ይኸንኑ ጻፍልኝ። ማኅተምም ምታበት። ለልጄ ላሳየው ነው» አለችው። ዶክተሩ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። አንድ መስመር ጽፎ ብዕሩን አቆመ።

«ውሻው ግን አሟሟቱ እንዴት ነበር?»

ነገረችው። ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ሰምታ መውጣቷን፣ ሲንቀጠቀጥ መድረሷን፣ በእጇ ስትነካው ጭራሽ እንደባሰበት፣ እግሩ ዱላ መሆኑን፣ አንገቱ መቆልመሙን። ዶክተሩ እያዳመጣት ፊቱ ከበደ።

«እናቴ፣ ይኼ መርዝ ነው» አለ። «ሰው ነው የሰጠው። እንዲሁ ቢሰጡት ስለማይበላው በሥጋ ጠቅልለው ነው የሚሰጡት። ቅጠሉን የነከሰው ሆዱን ሲያመው ነው። ውሻ ሲያመው ቅጠል ይበላል፤ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ያስመለሰው ላይ ሥጋ አላዩም?»

አልታየች አፏን ከፈተች። ጨርቁ ትዝ አላት። በቀጭን በቀጭኑ የተከተፈ ሥጋ፣ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር፣ የሚያብረቀርቅ ወፍራም መረቅ የለበሰ። ንጋት ላይ በገዛ እጇ ጨምቃ ወደ ፍሳሹ የገፋችው እሱን ነው። የሰፈሯ ሰው ሥጋ እንዲያ አይከትፍም። ደግሞስ በሁዳዴ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሰፈሯ ማን ቤት ሥጋ ይገኛል? ማዕድ ቤቷ ሥጋ ካየ አርባ ቀን ሊሞላው ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ገና ጾሙ ሳይገባ፣ ዘሥላሴ ከውጭ አገር ሰዎቹ አዳራሽ የተረፈ ነው ብሎ በፌስታል አምጥቶ፣ ሦስቱም ቀምሰው፣ ጣፋጭ ወጥ አይሆንም ብለው ስቀውበት ነበር። መቻል ታስሯል፤ ከበር አልወጣም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው ያደረው። መቻል ደግሞ ከባዕድ እጅ አይበላም። ሌባ መርዝ እንዳይሰጠው ብላ ሔራን ናት እንደዚያ ያስለመደችው፤ ከራሷ፣ ከእናቷና ከወንድሟ እጅ ብቻ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። አልታየች ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ባንድ ጡት ነው ያጠባችው። አንዷ አበባ ይበርደዋል ብላ ተነስታ ብርድ ልብስ የምታለብስ። አንዱ ደግሞ፣ ጭራውን እየቆላ የመጣን ውሻ… እዚያ ላይ ሐሳቧን አቆመችው። ወደፊት ልትሄድበት አልቻለችም።

«አላየሁም» አለች።

«ምንም?»

«አላየሁም ልጄ።»

ዶክተሩ ቅር እያለው ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። «ለማንኛውም ሁለቱንም እጽፍልዎታለሁ። አበባው አለመሆኑንም፣ መርዝ እንደሚመስልም። ቀበሌ ይዘውት ይሂዱ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ነገ ለሰውም አይመለስም።»

«ተወው። አትጻፈው።»

«ቅድም እኮ ማኅተም አሉኝ።»

«ውሻ ነው ልጄ፤ ሞተ፣ ሞተ» አለች። ማለዳ ተነስታ፣ ከተማውን በእግሯ አካልላ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ የመጣችለትን ወረቀት በራሷ እጅ ወደ እሱ ገፋችው። ዶክተሩ ግራ ገብቶት ሲያያት አበባዋን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ረስታ ወጣች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መንገዱን ያውቀዋል፣ እሷ ግን የት እንዳለች አታውቅም። ሰላም ያሏትን ሰዎች ሰላም አለች ወይስ አላለች፣ አታስታውስም። ልቧ ተሰብሯል። ሔራን ስትሞት ልቧ የተሰበረ መስሏት ነበር፤ ለካ ያኔ የሚሰበር ነገር ተርፎ ኖሯል። የሞተ ልጅ እንኳ ይለቀስለታል፤ ጎረቤት ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ይኸኛው ግን ለማን ይነገራል? ለንስሐ አባቷ? ምን ብላ? ልጄ ውሻ ገደለ ብላ? ውሻ የገደለ ሞልቷል። ልጄ ውሻውን ገድሎ፣ ጠዋት ዓይኔን እያየ የእህቱን አበባ ከሰሰው ብላ? ገበናን ከሸፈኑት ገበና ነው፣ ከገለጡት ግን ወሬ ነው። ሆድ ይፍጀው አለች። ልጇ አንድ ነው የቀራት፤ የልጅ ልጇም በሁለት ወር ይመጣል። ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። ማንም አላወቀም እላለሁ፣ ሐኪሙም አላወቀም እላለሁ፤ ስላልታወቀ አበባው ባለበት ይቆያል። ልጄም አይጋለጥ፣ አበባውም አይነቀል። ይኸን ይኸን እያለች ራሷን አበርትታ ነው የሰፈሯን ቁልቁለት የወረደችው።

የግቢዋን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ድንጋይ ነው። ሦስት ጋሪ የሚሆን የግንብ ድንጋይ ተራግፏል። አበባው የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል፤ ከዳር እስከ ዳር ክር ተወጥሮበታል። ሥሩ ሳይቀር ተነቅሎ፣ ድንጋዩን ባመጣው ጋሪ ተጭኖ ሄዷል። አራት ከረጢት ሲሚንቶ በረንዳው ላይ ተደርድሮ፣ ዝናብ እንዳይመታው የሱፍ ብርድ ልብሱን ለብሷል። ዘሥላሴ አካፋ ይዞ ጉድጓዱ ዳር ቆሟል። ላብ በላብ ነው። ሮዳስ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች።

«ድንጋዩ ዛሬ ካልመጣ ዋጋው ይጨምራል ስላሉኝ ነው…» አለ ዘሥላሴ። ሳትጠይቀው ነው የሚመልሰው። ቀጥሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈራው የዋለውን ጠየቀ። «ምን አሉ እማዬ?»

አልታየች ጉድጓዱን አየችው። ያዘጋጀችው ዘዴ የሚያድነው ነገር የለም። ልጇን አየችው። ጢሙን ያልተላጨ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ጾሙን እሷው ያስለመደችው ልጇ ነው፤ ዛሬም እንደ እሷ ውሃ ሳይቀምስ ነው የቆፈረው። የሮዳስ ዓይን ከእሱ ወደ እሷ ይመላለሳል። አይደለም ብትል ሮዳስ ቀጥላ፣ ታዲያ ምንድን ነው የገደለው ትላለች።

«አበባው ነው አሉ» አለች አልታየች።

«እንኳንም ተነቀለ ታዲያ» አለች ሮዳስ፣ ሆዷን እየዳበሰች። «አላልኩህም? ልጅ ሊወለድበት።»

በዚያ ከተማ ውስጥ አበባው አለመሆኑን ከዶክተሩ ይልቅ የሚያውቅ ሰው ዘሥላሴ ነው። እናቱ ደግሞ ውሸት አታውቅም፤ በስልሳ ዓመቷ ስትዋሽ ሰምቷት አያውቅም። ዓይኗን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። አካፋው ከእጁ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተንጓጓ። ማኅተም ያለበት ወረቀቱ የታለ አላላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሮዳስ ምስር ወጥና ጎመን አቀረበች፤ ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ከበው ተቀመጡ። ሮዳስ ስለ ክፍሎቹ ታወራለች፤ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ቢሆን፣ ቆርቆሮው ቀለም ያለው ቢሆን፣ የልጁ ወተት መግዣ እንኳ ከኪራዩ ይወጣል። ዘሥላሴ እንጀራውን ይቆርሳል፣ ያስቀምጠዋል። አልታየች እንጀራ ቆርሳ፣ ከምስሩም ከጎመኑም አድርጋ፣ ጥሩ አድርጋ ጠቀለለችና እጇን ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። ዘሥላሴ ጉርሻውን አየ፣ እጇን አየ።

«ጉረስ» አለችው።

ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፤ መዋጥ አቃተው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንደ ምንም ዋጠውና፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደለመደው፣ ሁለተኛውን እየጠበቀ አፉን ወደ እሷ አቀና። የአልታየች እጅ ግን ከመሶቡ ተሰብስቧል።

«እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ» አለች ሮዳስ፣ እየሳቀች።

አልታየች ተነሳችና እጇን ታጠበች።